ለኮምፒውተር ፕሮግራም የተጠራ ጅጌ

ሰው የሠርጉን ቀን ሲቆርጥ ሽማግሌ ያማክራል፤ ቢቸግረው የንስሐ አባቱን ይጠይቃል፤ ከዚያም ቢብስ የሴቲቱን እናት ፊት አይቶ ይገምታል። እኔ ያማከርሁት ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩም አስቦ አስቦ፣ እንደ ስሌቱ ከሆነ የማገባው ከልጅ ልጆቼ በኋላ መሆኑን ነገረኝ። እስቲ ሳትፈርዱብኝ ረጋ ብላችሁ ስሙኝ፤ ነገሩ ከሥሩ ሲሰሙት ያን ያህል የእብድ አይደለም። ትንሽ ብቻ ነው።

የምሠራው መተማ ዮሐንስ፣ በአንድ የሰሊጥ ገበሬዎች ማኅበር መጋዘን ውስጥ ነው። ማኅበሩ ሚዛንተኛ አለው፣ ዘበኛ አለው፣ ጫኝና አውራጅ አለው፤ «የኮምፒውተሩ ልጅ» የሚባለው ደግሞ እኔ ነኝ። ጠጉሬ ከግንባሬ መሸሽ ከጀመረ ቆይቷል፤ ግን እዚህ አገር ኮምፒውተር የነካ ሰው ልጅነቱ አያልቅም። የጻፍሁት ፕሮግራም ሥራው ቀላል ነው። ሰሊጥ የጫነ መኪና በሩ ላይ ሲደርስ ተራ ይሰጠዋል፤ ተራው ሲደርስ በድምፅ ማጉያ ይጠራዋል፤ ሲመዘን ክብደቱን ይይዛል፤ ከዚያ የትኛው መጋዘን ገብቶ እንደሚያራግፍ ይነግረዋል። በቃ። ጽፌ የጨረስሁ ዕለት «እፎይ፣ ተገላገልሁ» ብዬ ነበር። ሴት ስትወልድም ተገላገለች ይባላል፤ ቃሉን ያወጣው ሰው ልጅ አሳድጎ እንደማያውቅ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ቢሮዬ ጠባብ የቆርቆሮ ክፍል ናት። በመተማ ፀሐይ እዚያ ውስጥ እንኳን ሰው ኮምፒውተርም ትኩሳት ይይዘዋል። ስለዚህ ወንበሬን አወጣና ከበሩ አጠገብ ካለችው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር እቀመጣለሁ። መዘዙ የመጣው ከዚህች ጥላ ይመስለኛል። ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው ሥራ ያለው አይመስልም። ያለፈ ያገደመው ሁሉ ቆም ይልና አንድ ነገር ይጠይቀኛል።

ለምሳሌ ሐጅ ኢድሪስ ይመጣሉ። ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ትልቅ ሱቅ ያላቸው፣ የጭነት መኪና የሚያከራዩ ነጋዴ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከድንበሩ ማዶ ከገላባት ሱዳኖች ጋር ሲገበያዩ ስለኖሩ አማርኛቸው ውስጥ ዐረብኛው እየገባ ይወጣል።

«ያ ዞል!» ይሉኛል፤ «አንተ ሰው» እንደ ማለት ነው። «ያ ማሽንህ ሲጠራኝ ኢድሪስ ብሎ ብቻ ነው። ሐጁን የት ጣለው?»

«አስተካክለዋለሁ፣ ሐጅ።»

«መቼ?»

«አሁን።»

ኮምፒውተሬን ጉልበቴ ላይ ከፍቼ እዚያው አስተካክላለሁ። «አላህ ይባርክህ፣ አላህ ያሳድግህ» ይሉኛል። ምርቃት እወዳለሁ፤ ምን ይደረጋል፣ ያደግሁበት ነው። ሰው ሲመርቀኝ ሌላ የሚያስመርቀኝ ነገር ዓይኔ ይፈልጋል። በማግሥቱ ታዲያ ማሽኑ ሐጅ ኢድሪስን «ሐጅ» ይላቸዋል፤ ችግሩ ሌላውንም ሁሉ «ሐጅ» ማለቱ ነው። አንድ ከጎጃም የመጣ፣ ድቁና ያለው ሹፌር «ሐጅ» ተብሎ በድምፅ ማጉያ ተጠርቶ፣ ማተቡን በእጁ ይዞ እኔን ፍለጋ ወጣ። እሱን ላስተካክል ስነካካ ደግሞ ተራ አሰጣጡ ይነቃነቃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ እየለቀምሁም አፈስሳለሁ።

እንግዲህ በዚህ መሀል ማግባት አለብኝ።

የሻረግ ጎንደር ነርስ ናት። መጀመሪያ ሠርጋችን ጥር ላይ ነበር፤ ፕሮግራሙ መኪና አልቆጥርም ብሎ ቀረሁ። ከፋሲካ በኋላ ተባለ፤ ሚዛኑ ከኮምፒውተሩ ጋር ተኳርፎ እነሱን ሳስታርቅ እንደገና ቀረሁ። ሁለተኛው ላይ የሻረግ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። በስልክ፣ መርፌ ልትወጋኝ እንደምታባብለኝ ዓይነት ድምፅ አውጥታ እንዲህ አለችኝ፦

«ስማኝ። ኅዳር፣ ጾም ሳይገባ ነው። አባቴ አዳራሽ ይዘዋል፤ ጠጁም ይጣላል። ከእንግዲህ ቀን አልለውጥም። የዚያን ቀን የመጣውን አገባለሁ።»

«ማን ይመጣል?»

«እሱን አንተ እወቀው።»

ሆስፒታላቸው አንድ አዲስ የላብራቶሪ ልጅ መምጣቱን፣ ጠጉሩም ሙሉ መሆኑን ከዚያ በፊት ጨዋታ መሀል ጣል አድርጋልኝ ነበር። ጠጉሩን ምን አመጣው ብዬ ብዙ አሰብሁ።

ኅዳር ማለት ደግሞ የሰሊጥ መኪና ከበራችን ጀምሮ አስፋልቱን ይዞ የሚሰለፍበት ወር ነው። ፈቃድ ልጠይቅ የማኅበሩ ሊቀመንበር ጋሽ አዛናው ዘንድ ገባሁ። ጋሽ አዛናው በልጅነታቸው ከደጋ ወርደው በሰሊጥ ያረጁ ገበሬ ናቸው። ደግ ናቸው። በዓለም ላይ ያለውን ነገር ሁሉ ግን በሰሊጥ ነው የሚተረጉሙት።

«ልጀ፣ ሠርግ እንቢ አይባልም» አሉኝ። «ግን ሰሊጡን ደጅ ላይ ትቸ አንተን እንዴት ብየ ልልቀቅህ? የሰዉን ቅሬታ ጨርስና ሂድ። ቅሬታው ባዶ የሆነ ዕለት ራሴ አሳፍርሃለሁ።»

«ጋሸ፣ ቅሬታ ባዶ ሆኖ ያውቃል እንዴ?»

«አንተ ብቻ በርታ።»

ሲስተም ዳይናሚክስ የሚባለውን ትምህርት ያገኘሁት በዚያ ሰሞን ነው። ኔትወርክ የመጣ ዕለት ሰው ሁሉ ወደ ዘመዱ ሲደውል እኔ የአንድ ፈረንጅ መምህር ትምህርት አወረድሁ። ስሙ ከበደ እንጂ ነገሩ አይከብድም፤ የመተማ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ግቢያችን ውስጥ ሮቶ አለን። ውኃ በአንዱ ቧንቧ ይገባል፣ በሌላው ይወጣል። ሮቶው መሙላቱን ያየ ሰው ገላውን ይታጠባል፣ አትክልት ያጠጣል፣ ጎረቤት ጠርቶ ያስቀዳል። ሊያልቅ ሲል ደንግጦ የውኃ ቦቴ ያዝዛል፤ ቦቴው ሲዘገይ የከተማው ውኃ ይመጣል፤ ሮቶው ሞልቶ ሲፈስስ ያን ጊዜ ቦቴው በር ላይ ጡሩምባ ይነፋል። መምህሩ እንደሚለው የሶፍትዌር ጥገናም ይኸው ነው። ቅሬታ የሚጠራቀምበት ሮቶ አለ። አዲስ ቅሬታ በላይ ይገባል፤ ሠራተኛው ያስተካከለው በታች ይወጣል። ጉዱ ግን ሠራተኛው ሲቸኩል ነው፤ አስተካከልሁ ካለው ውስጥ ጥቂቱ ሰንበት ብሎ፣ አዲስ ብልሽት ሆኖ፣ ዞሮ በላይኛው ቧንቧ ይመለሳል። ይህን ሁሉ ለኮምፒውተር በቁጥር ነግረኸው ቁልፍ ስትጫን የወራቱን ነገር በቅጽበት ሮጦ ያይና መጨረሻህን በመስመር ይስልልሃል።

እንዴት ደስ እንዳለኝ አትጠይቁኝ። ቅሬታው ባዶ የሚሆንበትን ቀን አውቄ ለየሻረግ ልነግራት ነው! ሮቶዬን ሠራሁ፤ የሐጅ ኢድሪስን ቧንቧ፣ የጋሽ አዛናውን ቧንቧ፣ የሹፌሮችን ቧንቧ ገጠምሁ። ከታች ደግሞ የእኔን ቀጭን ቧንቧ አደረግሁ። አማትቤ ቁልፉን ተጫንሁ።

መስመሩ ተነሣ። ይወርዳል ብዬ ጠበቅሁ። ኅዳር ላይ ሲደርስ ሽቅብ እየሄደ ነበር፤ ጥር ላይ ከስክሪኑ አናት ወጣ። ዓመት ጨመርሁለት፤ እሱም ጨመረ። እንዲህ እንዲህ እያልሁ ዘመኑን ስለጥጥ ነው እንግዲህ የልጅ ልጆቼን አልፌ የሄድሁት። ደሜ ቀዘቀዘ፤ በመተማ ደግሞ ደም መቀዝቀዝ ቀላል አይደለም።

ኮምፒውተሬን ታቅፌ ጋሽ አዛናው ዘንድ ሄድሁ። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት።

«ይኼ ሽቅብ የሚሮጠው ምንድን ነው?»

«ቅሬታው ነው፣ ጋሸ።»

«ይችስ ከታች የምትንፏቀቀው?»

«እኔ ነኝ።»

«ውይ ምስኪን» አሉ፣ ከልባቸው አዝነው። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ። «ለምን ቀደም ብለህ አልነገርኸኝም? የሰው ኃይል ነዋ ያነሰህ! ሰሊጥ ደርሶ አጫጅ ሲያጥር ምን ይደረጋል?»

ወዴት እንደሚሄዱ ገብቶኛል። «ጅጌ ይጠራል» አልሁ በቀሰስታ።

«በቃ!»

ጅጌ የማታውቁ ካላችሁ፣ ሰሊጥ ታግሶ አይጠብቅም። ከደረሰ ፍሬው እየተከፈተ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ እጅ ያጠረው ገበሬ ጠላ ጠምቆ፣ ፍየል አርዶ ጎረቤቱን ይጠራል፤ ሰዉ በሁለት ወገን ተሰልፎ፣ እየዘፈነና እየተፎካከረ ማሳውን ባንድ ቀን ያነሣለታል። ጅጌ ደግሞ ሕግ አለው። ሰዉ የመጣው በፍቅሩ ስለሆነ ባለቤቱ «ይህን ለምን እንዲህ አጨድኸው» አይልም። የባለቤቱ ሥራ ማብላት፣ ማጠጣትና ማመስገን ነው።

«ጋሸ፣ ፕሮግራም ሰሊጥ አይደለም» አልኋቸው። «የሚመጡት ሰዎች ሥራውን አያውቁትም። ማስተማር ያለብኝ እኔ ነኝ፤ እነሱን ሳስተምር ማን ያስተካክላል? ደግሞ አንዱ የሠራውን ሌላው ሳያውቅ ያፈርስበታል፤ በሥራና በውጤት መካከልም መዘግየት አለና ጉዱ የሚታየው ሰንብቶ ነው።» ይህን ብዬ ጅጌውን እዚያው ሮቶው ውስጥ ጨመርሁና ቁልፉን ተጫንሁ። መስመሩ ተተኩሶ ወጣ ማለት ይቻላል።

ጋሽ አዛናው መስመሩን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ኮምፒውተርህ ጅጌ በልቶ ያውቃል?»

«ኧረ አያውቅም።»

«እንግዲያማ በማያውቀው አይግባ።»

ቅዳሜ ጅጌው መጣ። ከአብደራፊ ሞባይል ጠጋኝ፣ ከአብርሃ ጅራ የኮምፒውተር አስተማሪ በሰሊጥ መኪና ተጭነው ደረሱ። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው መጣ፣ ሥራ ያላገኙ ምሩቃን መጡ፣ ሲዲ ይሸጥ የነበረና ሲዲ የቀረበት ሰው መጣ። አንዱ ከኮምፒውተር ጋር ምን እንደሚያገናኘው እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ስሙ ደምሌ ነው፣ በየጅጌው ዘፈን አውጪ ነው። ጋሽ አዛናው «ያለ ደምሌ ምን ጅጌ አለ» ብለው ነው ያስጠሩት። ሁለት ፍየል ታረደ፤ አንዱ በክርስቲያን፣ አንዱ በሙስሊም እጅ። ሐጅ ኢድሪስ ጠላ ለማይጠጡት በረዶ የገባበት ከርከዴ በጀሪካን ላኩ።

ጋሽ አዛናው ሰዉን መጋዘኑ ውስጥ በሰሊጥ ጆንያ ላይ፣ በግራና በቀኝ ወገን ደልድለው አስቀመጡ። ፕሮግራሙ ለሁሉም ተከፈለ። የሚሸለመው ብዙ የፕሮግራም መስመር የነካ ወገን ነው ተባለ። እኔ አፌን ልከፍት ስል የጠላ ማሰሮ እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ደምሌ ጉሮሮውን ጠራርጎ ጀመረ፦

«ቁልፉን ነካ ነካ፣ መስመሩን ቁረጠው፣
ያልገባህን ነገር ከሥሩ ንቀለው!»

«ሆ!» አለ ጅጌው። በላይ በላዩ ይነቅል ጀመር። እኔ ማሰሮዬን ይዤ በየመሀላቸው እዞራለሁ። የአብደራፊው ሞባይል ጠጋኝ የመኪና ቁጥር የሚለየውን ክፍል አጥቁሮ፣ ሊያጠፋው ጣቱን ሲሰነዝር ደረስሁ።

«ወንድሜ፣ እሱ እኮ…» አልሁ።

ከበሩ በኩል ጋሽ አዛናው በዓይናቸው ገረመሙኝ። የጅጌ ሕግ ትዝ አለኝ።

«…ጠላ ልጨምርልህ?»

«ጨምርልኝ» አለና አጠፋው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አለቀ። ቀኙ ወገን አሸነፈ፤ ያሸነፈውም ብዙ በማጥፋት ነው። ሁሉም መርቆኝ፣ ወልደህ ሳም ብሎኝ ሄደ። ጋሽ አዛናው ጀርባዬን መታ መታ አድርገው «በል ልብስህን አሰፋ» አሉኝ።

ሰኞ ጠዋት መኪናው ተሰልፎ፣ ሹፌሩ ሁሉ ጆሮውን ወደ ድምፅ ማጉያው አቅንቶ ይጠብቃል። ማሽኑ ጉሮሮውን ጠረገና የመጀመሪያውን ባለ ተራ ጠራ። የተጠራው የሐጅ ኢድሪስ ባጃጅ ነው። ባጃጁ ምሳቸውን በጠዋት ሲያመጣ ለመዞር ግቢያችን ይገባል፤ አንድ ቀን አውራጆቹ ለጨዋታ ሚዛን ላይ አውጥተውት ነበርና ቁጥሩ ማሽኑ ውስጥ ቀርቷል። የባጃጁ ሹፌር የተጠራ ሰው አይቀርም ብሎ ሚዛኑ ላይ ወጣ። ማሽኑም ሙሉ ተሳቢ ሰሊጥ መሆኑን መሠከረለት።

ሹፌሮች ጮኹ። የባሰው ደግሞ ማሽኑ ባጃጁ ካላራገፈ ቀጣዩን አልጠራም አለ። ምን እናድርግ? ሁለት አውራጆች የሐጅን የዌካ ወጥ ድስት በክብር አውርደው መጋዘን አስገቡት። አሁንስ? ማሽኑ ናሙና ይወሰድለት አለ። ናሙና ወሳጁ ሕግ አክባሪ ነው፤ ማንኪያ ፍለጋ ሲሄድ ሐጅ ኢድሪስ ከሱቃቸው እየሮጡ መጡ።

«ኸላስ! በቃ! ምሳየን ልትሸጡት ነው?»

ከዚያ በኋላ ድምፅ ማጉያው የጎጃሙን ዲያቆን ጠራ። «ሐጅ» ብሎ ነው የጠራው። ዲያቆኑ በዚህኛው ጊዜ አልተቆጣም፤ እጁን አውጥቶ «አቤት» አለ። ይህን ስሰማ ከኒሟ ሥር ተነሥቼ ቆርቆሮ ቤቴ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ላብ እያጠመቀኝ ሮቶዬን ከፈትሁ። የዐረቡም የአማራውም እርግማን በቆርቆሮው ቀዳዳ ይገባል። የእጄን ፍጥነት እጥፍ ባደርገውስ ብዬ ሞከርሁ፤ ስፈጥን ብልሽቱም ይፈጥናል፣ መስመሩ ከበፊቱ ባሰ። እንቅልፍ ባልተኛስ፣ ምሳ ባልበላስ፤ ባሰ። በመጨረሻ ተናደድሁና «እሽ፣ እኔ ልጥፋላችሁ!» ብዬ የራሴን ቧንቧ ዜሮ አድርጌ ቁልፉን መታሁት።

መስመሩ ትንሽ ተነሣ፤ ቆመ፤ ዞረ፤ ቁልቁል ወረደ። ጭራሽ ከወለሉ ደርሶ ተኛ።

ተሳስቷል ብዬ ፈተሽሁት። አልተሳሳተም። እኔ ካልነካካሁ አዲስ ብልሽት አይወለድም። ደግሞም ከኒሟ ሥር «አሁን» የሚል ሰው ከሌለ ሰዉ «ሐጁን የት ጣለው» ብሎ አይጠይቅም፤ ቢያምረውም ሰንብቶ ይረሳዋል። ሮቶውን ሲሞላ የኖረው የእኔ ፈጣን እጅና የእኔ ምርቃት መውደድ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በሰው ቢነገር ሰው ነው ክፉ ነው ይባላል። ገዛ ኮምፒውተሬ ሲነግረኝ ግን በጣም ከፋኝ፤ እውነቴን ነው፣ እንባዬ ሁሉ መጣ። ለየሻረግ ደወልሁ።

«የሻ፣ ጉድ ሆኛለሁ። ቅሬታው የሚያልቀው እኔ ከሌለሁ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ና!» አለች።

«ይህን ለጋሽ አዛናው ካሳየኋቸው እኮ ከሥራ ያሰናብቱኛል።»

«ካላሳየሃቸው እኔ አሰናብትሃለሁ» ብላ ዘጋችው።

መጀመሪያ መኪኖቹ ይግቡ ብዬ ከጅጌው በፊት ያስቀመጥሁትን የፕሮግራሙን ቅጂ መለስሁ። አንድ ቁልፍ ነው። የጅጌው ልፋት፣ ፍየሉ፣ የደምሌ ዘፈን፣ ሁሉም በዚያች ቁልፍ ሄደ። ማሽኑ የባጃጁን ነገር ትቶ መኪና በመኪና ይጠራ ጀመር፤ ከአሮጌ እንከኑ በቀር እንከን የለውም። በማግሥቱ ጋሽ አዛናው መጥተው ከበሩ ቆመው አዳመጡ። ፊታቸው በራ።

«አየህ? ጅጌው ሠራ።»

የመለስሁት እኔ ነኝ ልል ነበር። ግን የጅጌን ሥራ ጣልሁት ማለት እንዴት ይቻላል? ዙሪያ ጥምጥም ሄድሁ። «ጋሸ፣ ትናንት እኮ እንዴት እንደነበር አይተዋል።»

«ትናንትማ ገና አልሰረገም! አንተው አይደለህም እንዴ፣ በሥራና በውጤት መካከል መዘግየት አለ ያልኸኝ?»

«ነኝ።»

«በል ያንተም ትምህርት ከንቱ አይደለም። ሂድ አግባ፣ ፈቅጃለሁ። ደግሞ አትስጋ፤ አንተ እስክትመለስ ጅጌውን እንደገና ጠርቸ የቀረውን ሁሉ አስጨርስልሃለሁ።»

ታየኝ። ሙሽራዋ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ጠጁ ተቀድቶ፣ ስልኩ ሲጮህ፣ እኔ በሙሉ ልብስ ወደ መተማ ስሮጥ፣ የላብራቶሪው ልጅ ወንበሬን ሲስብ ታየኝ። እኔን ብቻ ዜሮ ማድረግ ለካስ አይበቃም። ጅጌውም ዜሮ መሆን አለበት።

ጅጌ ግን ሌላም ሕግ አለው፤ ለሥራህ የመጣልህን ለደስታህ ትጠራዋለህ፣ እሱም አይቀርም። እዚያው ስልኬን አውጥቼ ለአብደራፊው ሞባይል ጠጋኝ ደወልሁ። «ሚዜዬ ሁንልኝ።» «በደስታ!» አለ። ለአስተማሪው ደወልሁ። ለፎቶ ኮፒው፣ ለምሩቃኑ፣ ለሲዲው ሰው፣ ለደምሌ። ከሱዳን ድንበር ወዲህ ኪቦርድ የነካ ሰው ሁሉ ሚዜዬ ሆነ።

«ሁሉንም?» አሉኝ ጋሽ አዛናው ሲሰሙ።

«ውለታቸው አለብኝ፣ ጋሸ።»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «የጨዋ ልጅ ነህ» አሉኝ። ጨዋነቴን ራሴም አመንሁ።

ሚኒባሱ ከመተማ ሲነሣ ኒሟ ሥር ያለች ወንበሬ ባዶዋን ቀርታ አየኋትና ሆዴ ባባ። በመንገድ ላይ አንድ ፈታሽ አንገቱን አስገብቶ «እነዚህ ሁሉ ምንድን ናቸው?» አለኝ። «ሚዜዎቼ ናቸው።» አንድ በአንድ አያቸውና «ሙሽራይቱ ስንት ናት?» ብሎ አሳለፈን።

የሻረግ ቤት ስንደርስ ሴቶቹ እንደ ወጉ በሩን ዘግተው ሙሽራ አናስገባም አሉ። ሌላ ሙሽራ እዚህ ላይ ብዙ ይለምናል። ደምሌ «ሆ!» አለ፤ ጅጌው በግራና በቀኝ ተሰልፎ ገፋ፤ ገባን። ጅጌ በቦታው ሲሆን እንዴት ያለ ነገር ነው! የሻረግ ከመጋረጃው ኋላ ነጭ ለብሳ ቆማለች። እኔን አየች፣ ኋላዬን አየች።

«ሦስት ሚዜ አልነበር ያልነው?»

«በኋላ እነግርሻለሁ።»

«መጣህ ግን» አለችኝ። ዓይኗ እርጥብ ነበር። የላብራቶሪውንም ልጅ አየሁት፤ ጠጉሩ እውነትም ሙሉ ነው። መጥቷል፣ ግን ከታዳሚው ወንበር ላይ ነው፤ ክትፎውን ይበላል።

አዳራሹ ውስጥ ሰው ይጨፍራል፣ እኔ ስልኬን ከጠረጴዛው ሥር አያለሁ። የሰሊጡ ዋና ወቅት ነው፤ መኪናው አስፋልቱን ሞልቷል፤ እንዴት አንድ ሰው አይደውልም? ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ በሞባይል ጠጋኙ ስልክ ወደ ራሴ ደወልሁ። ጠራ። ኬኩ ሲቆረጥ አየሁ፤ ዝም። ሽማግሌ ሲመርቅ አየሁ፤ ዝም። ጭፈራው ሲደምቅ በመጨረሻ ተንቀጠቀጠ። ጋሽ አዛናው ናቸው! ደስታዬን ደብቄ ብድግ አልሁ።

«ጋሸ! ምን ተበላሸ?»

«ምን ይበላሻል? እንኳን ደስ ያለህ ልልህ ነው እንጅ።»

«ተራው?»

«ደኅና ነው።»

«ሐጅ ኢድሪስስ ምን አሉ?»

«ምንም። ሰዉ ወደ ዛፏ ይመጣና ባዶ ወንበርህን አይቶ ወደ ሥራው ይመለሳል። ልጀ፣ እንደዚህ ያለ ሰላም አይቸ አላውቅም። አትቸኩል፣ ሰንብት። ጅጌዎቹንም አቆያቸው።»

ስልኩን ኪሴ ከትቼ ቁጭ አልሁ። ስሌቴ ልክ ነበር። እንደ ኮምፒውተር ሰው ሊያኮራኝ ይገባ ነበር፤ ግን ሙሽራ ሆኜ እንደ ባዶ ጆንያ ተጣጥፌ ተቀመጥሁ። የሻረግ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ማን ነው የሞተው?»

«ማንም። አንድ ሰው እንኳ አልፈለገኝም፤ እሱ ነው።»

የቬሏን ጫፍ ከጠጁ አንሥታ በደንብ አየችኝ።

«ሦስት ጊዜ ቀን ቆርጬ የጠበቅሁህ እኔስ? እኔን በዚያ ሮቶህ ውስጥ አስገብተኸኝ ነበር?»

ሠርጉ ሁሉ ሆ ሲል እኔ ቧንቧዎቹን በልቤ አንድ በአንድ ቆጠርሁ። አላስገባኋትም ነበር።